ከዝናቡ በፊት መመለስ፦ ከጅማ ወጣ ብሎ የአንድ ቀን የሸለቆ ጉዞ

ሐምሌ ገብቶ አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደየቤቱ ሲበተን ጅማ ጭር ትላለች። ፈረንጅ አራዳ ላይ ባጃጅ ሳይጠበቅ ይገኛል። ካፌው ይሰፋል። የቀረነው ደግሞ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቆርቆሮ የሚደበድበውን ዝናብ እናዳምጣለን። "እስቲ ወጣ ብለን በእግር እንሂድ" ያልኳቸው ጓደኞቼ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "መስቀል ይለፍና።"

መስቀል ካለፈማ ማን ይከለክላል። ግን ያኔ ሸለቆው ሌላ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቀይ ቡና ለቀማ ስላለ እያንዳንዷ ቀጭን መንገድ ሰውና ጆንያ የጫነ አህያ ይሞላታል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው መውጣት ያለበት አሁን ነው። ቡናው ገና አረንጓዴ ነው። ለቃሚ የለም። ከወንዙና ከወፎቹ ሌላ ብዙ የሚሰማ ነገር የለም።

ችግሩ ዝናቡ ብቻ ነው። የጅማ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይከብዳል። ስለዚህ ጉዞው የሚታቀደው ከመነሻው ሳይሆን ከመመለሻው ነው። መጀመሪያ ስንት ሰዓት ላይ ቤት መግባት እንዳለባችሁ ትወስናላችሁ። ከዚያ ወደኋላ ትቆጥራላችሁ።

ቀኑን መምረጥ

ዝናብ የሌለበትን ቀን እጠብቃለሁ የሚል ሰው እስከ ጥቅምት ይቀመጣል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። መጋቢት ላይ ይጀምራል፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይብሳል። የምንፈልገው ደረቅ ቀን ሳይሆን ደረቅ ጠዋት ነው።

እንዴት ይታወቃል? ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ደጅ ውጡና ሰማይ እዩ። ሌሊት ዘንቦ አሁን ካባራ፣ ጉሙም ታች ረግረጉ ላይ ተኝቶ ከላይ ሰማይ የሚታይ ከሆነ፣ ልብሳችሁን ልበሱ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆኖ ካፊያው ከቀጠለ ግን ተመልሳችሁ ተኙ። እንዲህ ያለው ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። የስልኩን የአየር ትንበያ እኔ ብዙም አላየውም። በክረምት ሁልጊዜ "ይዘንባል" ነው የሚለው፤ ሁልጊዜም ልክ ነው።

ከሳምንቱ ቀናት ሐሙስን ልብ በሉ። ሐሙስ የሄርማታ ትልቁ ገበያ ነው። ከዙሪያው ገጠር ሰው ወደ ከተማ ይወርዳል። እናንተ ሽቅብ ስትወጡ እሱ ቁልቁል ይመጣል። መንገዱን የማታውቁት ከሆነ ሐሙስ ጥሩ ነው፤ የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም። ጸጥታው ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ሌላ ቀን ይሁን።

ቦታውን መምረጥ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የቦዬን ረግረግ ነው። ቅርብ ነው፣ ውሃ አለ፣ ጉማሬም አለ። ለእኔ ግን ቦዬ በክረምት ጠዋት የእግር ጉዞ ቦታ አይደለም። ረግረጉ ይሰፋል። ጉማሬ ሌሊት ሳር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ቀን ላይ ሂዱና ከሩቅ እዩት፣ ይበቃል።

በለጠ-ገራ የሚባለው ደን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በቦንጋ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ መኪና ይፈልጋል፣ ውስጡን የሚያውቅ ሰውም ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ሄዶ መመለሱ ያጣድፋል።

ለጀማሪ ጂሬንን እመክራለሁ። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ባጃጅ እስከ ላይ ይወስዳችኋል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ የተቀመጡት እዚህ ከላይ ነው፤ ገበያው ግን ታች ሜዳው ላይ ሄርማታ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሆነ እዚያ ስትቆሙ ይገባችኋል። ሁሉ ነገር ይታያል። ለእኛ የሚጠቅመን ደግሞ ሰማዩ መታየቱ ነው። የት እንደጠቆረ፣ የት እንደሚዘንብ፣ ከመውረዳችሁ በፊት ታውቃላችሁ።

ከኮረብታው ጀርባ ትንንሽ ሸለቆዎች ይወርዳሉ። የምሄድበትን በስም ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ግን ላይኛው መንደር የሚጠራው በአንድ ስም ነው፣ ታችኛው በሌላ። ደግሞም ስሙ አያስፈልጋችሁም። ከላይ ሆናችሁ ጠቆር ብሎ የሚጠማዘዝ የዛፍ መስመር ፈልጉ። እዚያ ስር ወንዝ አለ። ከጎኑ የእግር መንገድ ካለ የእናንተ ሸለቆ እሱ ነው። ሄዶ መመለሱ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። በደረቅ መንገድ ይህ ምንም አይደለም። በጭቃ ግን በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጎበዞች ናችሁ።

ከመውጣት በፊት

ዋናው ጫማ ነው። የላስቲክ ቦቲ ለጭቃው ደህና ነው፤ ገበሬውም እሱን ነው የሚያደርገው። ግን ውሃ ከገባበት አይወጣም፣ ረጅም ቁልቁለት ላይም ጣት ይመታል። ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የቆዳ ጫማ ካላችሁ እሱ ይበልጣል። ሸራ ጫማ እርሱት። እኔ አንድ ጊዜ በሸራ ጫማ ወርጄ የአንዱን ሶል ሸለቆው ውስጥ ትቼ መጥቻለሁ።

ሱሪው ስስ ይሁን፣ ቶሎ ይድረቅ። ጂንስ ሲርስ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ካልሲ ሁለት ጥንድ፣ አንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ። የዝናብ ልብስ። ዣንጥላ ለከተማ ነው፤ ቡና ውስጥ ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ያህል። ወንዙ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢመስል ከላዩ ከብት አለ፣ አትጠጡት። ስልኩን ሞልታችሁ በፌስታል አሽጉት፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታ የምታዩ ከሆነ ቤት ሳላችሁ አውርዱት። መታወቂያ ያዙ። ለአንድ ሰው የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። በዋዜማው ደግሞ የዚያን አካባቢ ሰው ስለ መንገዱም ስለ ሰላሙም ጠይቁ።

ዱላ አስፈላጊ ነው። የባሕር ዛፍ ዱላ ከተማ ውስጥ በርካሽ ይገኛል። መንገድ ላይ ከሰው ዛፍ እቆርጣለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ።

ስንቅ ላይ አልጨቃጨቅም። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ። ጭኮ ካገኛችሁ ግን እሱን ያዙ። ገብሱ በቅቤ ስለታሸ ቦርሳ ውስጥ አይበላሽም፣ አይፈርስም፣ ትንሹ ብዙ ያስኬዳል።

ሰዓቱ

የእኔ ይህ ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት። 1 ሰዓት ጂሬን። 2 ሰዓት ተኩል ሸለቆው ግርጌ። 5 ሰዓት ላይ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ወደኋላ መዞር። 8 ሰዓት ሳይሞላ ከተማ።

ምሳ በ5 ሰዓት ቀደመ የሚል ይኖራል። ቀድሟል። ግን ከሁሉ ጥብቅ መሆን ያለበት ይህ ነው። 5 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ትዞራላችሁ። ፏፏቴ ሊታይ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም። "እዚያች ጉብታ ድረስ ብቻ" የሚል ሰው በየቡድኑ አለ፤ እሱን ከኋላ አስቀምጡት።

ስልክ ቢዘጋባችሁ ደግሞ ሌላ ሰዓት አለ። በዚህ ወቅት የዙህር (የቀትር ሶላት) አዛን የሚሰማው 6 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው። ድምፁ ከኮረብታው ወደ ሸለቆው ይወርዳል። አዛኑን ስትሰሙ ሽቅቡን እየጨረሳችሁ መሆን አለባችሁ። ገና ታች ከሆናችሁ ዘግይታችኋልና ወሬ ቀንሱ።

አወራረድና ጭቃው

የጅማ ቀይ አፈር ሲርስ ሁለት ጠባይ አለው። ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ሜዳ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ቁልቁለቱን ስትወርዱ እግራችሁን ወደ ጎን አዙሩ፣ ጉልበት ሸብረክ ይበል፣ እርምጃ ይጠር። መሀል መንገዱ በሰኮና የተቦካ ስለሆነ ዳሩን፣ ሳሩ ላይ ርገጡ። ጫማ ስር ሲከመር ቶሎ ቶሎ በዱላ ጥረጉ። ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረጋችሁ የመሰላችሁ ጊዜ ዘግይታችኋል።

ከመንደሩ እንደወጣችሁ ቡናው ውስጥ ትገባላችሁ። ላዩ ሳሳ፣ ዋንዛ፣ ብሳና ነው። ቡናው ጥላ ስለሚወድ ዛፎቹን አይቆርጧቸውም። እዚህ ዝናብ ካባራ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ከቅጠል ይንጠባጠባል። ስለዚህ "እየዘነበ ነው" ብላችሁ አትደንግጡ፤ ወጣ ብላችሁ ሰማይ እዩ። ፍሬውን አትቅጠፉ። ጫካ ቢመስልም ባለቤት ያለው ማሳ ነው።

ቀና ብላችሁም ሂዱ። ዛፍ ላይ የተጋደመ ረጅም ነገር ካያችሁ የንብ ቀፎ ነው። ከሥሩ አትቁሙ፣ ጮክ አትበሉ፣ ጠዋት ሽቶ ተቀብታችሁም አትምጡ። ጉሬዛ ካለም እዚያው ላይ ነው፤ ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ያያችኋል። መጀመሪያ ያየው እሱ ነው፣ ሁልጊዜ።

ቀጥሎ ወደ መሬት። ሳማን ሁሉም ያውቃል። ገብረ ጉንዳንን ግን ከተማ ያደገ ሰው ላያውቀው ይችላል። በእርጥብ ጊዜ መንገዱን እንደ ጥቁር ገመድ ያቋርጣል። ካያችሁት ዘላችሁ እለፉ፣ ፎቶ ለማንሳት አትቁሙ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ አስገቡ። የዚህ ጉንዳን ክፋቱ ሲወጣ አይታወቅም፣ ንክሻው ነው የሚነግራችሁ። ከደረሰባችሁ መጀመሪያ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ሩጡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ልቀሙ። እዚያው ቆሞ የሚለቅም ሰው በለቀመው ፈንታ ሌላ ይወጣበታል። ያኔ ኀፍረት የለም፣ ሱሪም ይወልቃል።

ግርጌው ላይ ጨፌ ይጠብቃችኋል። ቄጠማ የሚበቅልበት አረንጓዴ ሜዳ ነው፣ ከሩቅ ኳስ ሜዳ ይመስላል። (የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት "ጨፌ" የተባለው ከዚህ ነው፤ ጉባኤው ድሮ የሚቀመጠው እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ነበር።) በክረምት ግን ሳሩ ስር ውሃ ነው። አቋርጣለሁ ያለ ሰው እስከ ጉልበቱ ይገባል። የአካባቢው ሰው መንገድ ሜዳው ላይ ሳይሆን ዳገቱ ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው የሚሄደው። ዞሮ ይረዝማል፣ ግን ያደርሳል። ጋጋኖ የሚባሉት ወፎች ለሚያደርጉት ጫጫታ ግድ የለም፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ናቸው።

ሰላምታና መንገድ መጠየቅ

ጸጥ ያለ ሸለቆ ማለት ሰው የሌለበት ሸለቆ ማለት አይደለም። የምትሄዱበት መንገድ የሰው ጓሮ ነው። ነሐሴ ላይ በቆሎው ሲያፈራ ልጆች ማማ ላይ ተቀምጠው ዝንጀሮና ጦጣ ይጠብቃሉ። እጃቸው ላይ ወንጭፍ አለ። ከበቆሎው መሀል በድንገት ብቅ የሚል ነገር እነሱ ዘንድ ዝንጀሮ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ።

"አሰላሙ አለይኩም" ወይም "አካም ቡልተን" ካላችሁ በቂ ነው። ሁለተኛው "እንዴት አደራችሁ" እንደማለት ነው። ለትልልቅ ወንዶች "ኦቦ"፣ ለትልልቅ ሴቶች "አዴ" በሉ። አማርኛ የማይናገር ሰው ብዙ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞ ሦስት አረፍተ ነገር አጥኑ። "ከራን ኤሳ?" መንገዱ የት ነው። "ለግኒ ጉቴራ?" ወንዙ ሞልቷል ወይ። "ገለቶማ" ደግሞ አመሰግናለሁ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ጥያቄ አትዝለሉ። ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ጠይቁ፣ ከዚያ መንገዱ ይመጣል።

ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ግን መልሱንም መስማት ማወቅ ያስፈልጋል። "ቅርብ ነው፣ እዚያ ጋ ነው" ሲሏችሁ አገጫቸው ወደየት እንደሚጠቁምና ስንት ጊዜ እንደሚነሣ እዩ። ለእነሱ ቅርብ የሆነ ለእኛ አንድ ሰዓት ነው። እኔ ርቀቱን መጠየቅ ትቻለሁ። "ሄጄ ለዙህር እዚህ እመለሳለሁ?" ነው የምለው። አንድ ጊዜ ጫማዬን አይተው ሳቁና "ኢንሻአላህ" አሉኝ። ያኔ እዚያው ዞርኩ።

አንድ ወጣት መንገድ መሪ ብትይዙ ጥሩ ነው፤ ክረምት ስለሆነ ትምህርት የለም። ዋጋውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ሲመለሱ መከራከር አያምርም። ውሻ ከመጣ አትሩጡ። ቁሙ፣ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ፣ ባለቤቱን ጥሩ። ሰው ፎቶ ስታነሱ አስፈቅዱ።

አንድ ጣጣ ደግሞ ቡና ነው። "ቡና ጠጡ" ይሏችኋል። ማለፍ ነውር ነው፣ መቀመጥ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሰዓቱን ይበላዋል። የእኔ መላ አቦሏን ጠጥቶ በጣት ሰማዩን ማሳየት ነው። ገበሬ ስለ ዝናብ ማስረዳት አያስፈልገውም። መርቆ ይሸኛችኋል።

ወንዙ

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፣ ምክንያቱም የተማርኩት በራሴ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ ነው። 3 ሰዓት ላይ ወንዙን ተሻገርኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ ድንጋዩ ይታያል። ማዶ ማዶውን ስዝናና ዋልኩ። ያለሁበት ላይ ጠብታ አልወረደም። 9 ሰዓት ላይ ስመለስ ያ ወንዝ የለም። ሌላ ወንዝ ነው። እንደ ሻይ በወተት ቀልሞ፣ ቅርንጫፍ እያንከባለለ፣ ጭኔ ድረስ የሚሆን። ላይኛው ዳገት ላይ ዘንቦ ኖሯል። ዱላዬን ይዤ ልገባ ስል ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን አንስተው "አይሆንም" አሉኝ። ሰማኋቸው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ተረት አይደለም። እኔ በነበርኩበት በኩል አንዲት እናት ከቤታቸው ጥግ አስጠግተው በቆሎ እሸት ጠበሱልኝ። 11 ሰዓት ላይ ጎደለ። ጂሬን የደረስኩት ጨልሞ ነው። ባጃጅ የለም፣ ስልኬ ሞቷል። 7 ኪሎ ሜትሩን በእግሬ።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት ደንብ ይህ ነው። በክረምት ዋናውን ወንዝ አልሻገርም። በአንዱ ዳር ሄጄ በዚያው ዳር እመለሳለሁ። ሸለቆው ከሁለቱም ዳር ያው ነው፤ ማዶ የሚያምረው ማዶ ስለሆነ ነው።

ግን ትንንሽ ገባር ውሃ ማቋረጥ አይቀርም። ለእሱ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ውሃው ዳር አንድ እንጨት ትከሉና አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ውሃው እንጨቱን አልፎ ከወጣ እየሞላ ነው፤ ተመለሱ። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ከጫነ፣ ወይም ከጉልበት በላይ ከሆነ አትግቡ። ጠባቡን ቦታ አትምረጡ፣ ጠባብ ቦታ ጥልቅና ፈጣን ነው። ሰፊውን፣ ውሃው ተበታትኖ የሚሄድበትን ፈልጉ። ጫማ አታውልቁ፣ ታቹ ድንጋይ ነው። የቦርሳችሁን ወገብ ማሰሪያ ፍቱ፣ ብትወድቁ እንዲለቅ። ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፣ ዱላውን ከፊት ትከሉ፣ ከዚያ በጎን አንድ እግር አንድ እግር። ሁልጊዜ ሁለት ነገር መሬት ይንካ፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ።

ግንድ ድልድይ ካለ ዝናብ ያጠበው ግንድ መሆኑን አትርሱ። ሰው ቢያየኝ ሳትሉ ተቀምጣችሁ እየተሳባችሁ ተሻገሩ። የአካባቢው ልጆች ሮጠውበት ያልፋሉ። ተዉአቸው።

ምሳ

ከውሃው ከፍ ያለ ቦታ፣ ድንጋይ ላይ። ፍልሰታ ወይም ረመዳን ከሆነ ሰው ፊት አትብሉ፣ ዞር በሉ። እሸት የሚጠብስ ካገኛችሁ ግዙ፣ ገንዘቡን አልቀበልም ካለ ለልጁ ስጡ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። እዚህ የጣላችኋት ፌስታል የምትሄድበት ብዙ ነው፤ የዚህ አካባቢ ውሃ በግልገል ጊቤ፣ በጊቤና በኦሞ አድርጎ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚገባው።

መመለስ

ሽቅቡ ላይ ቀስ በሉ፣ ግን አትቁሙ። ጉም ቢወርድና መንገዱ ቢጠፋባችሁ "ወንዙን ተከትሎ መውረድ" የሚለውን ምክር እዚህ አትስሙት። ወንዙ የሚያደርሳችሁ ረግረግ ውስጥ ነው። ቤቱም መንገዱም ያለው ላይ፣ ጀርባው ላይ ነው። ሽቅብ ውጡ፣ ውሻ ሲጮህ ወይም ጭስ ሲሸት ወደዚያ ሂዱ።

ነጎድጓድ ከመጣ ቁጠሩ። ብልጭታውን ካያችሁ እስከ ድምፁ ድረስ ያለው በየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትደርሱ ከተሰማ መብረቁ ቅርብ ነው፣ መጠለያ ያስፈልጋችኋል። መጠለያ ማለት ቤት ነው። ሜዳ ላይ ብቻዋን የቆመች ዋርካ አይደለችም፣ ምንም ያህል ብትጋብዝ። ከኮረብታው አናት ውረዱ፣ ተበታትናችሁ ሂዱ፣ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በዚህ ጊዜ የማያውቁትን ሰው ቤት ማንኳኳት ነውር የለበትም። እንዲያውም ቀድመው ይጠሯችኋል።

ጂሬን ላይ ሰዓት ከተረፋችሁ ቤተ መንግሥቱን ግቡና እዩ። ጭቃ ጫማችሁን ግን በር ላይ አራግፉ፣ ወለሉ እንጨት ነው።

ቤት ስትገቡ

ጫማውን ወዲያው አትጠቡት። ጭቃው ይድረቅና በብሩሽ ይራገፋል። ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ማታ ማታ ቀይሩት። ከሰል ጎን አታስቀምጡት፣ ማስቲሹ ይለቃል። ልብሱን ሳሙና ከማስነካታችሁ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ቀዩ አፈር በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው። ከሱሪ ይለቃል፣ ከሸሚዝም ይለቃል። ከነጭ ካልሲ ግን አይለቅም። እናቴ የእኔን ባየች ቁጥር "ይሄ ሲገዛም ቡናማ ነበር?" ትለኛለች። ዕቃ ስንቆጥር ልነግራችሁ ረስቼ ነው፤ ነጭ ካልሲ አታድርጉ።